ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት

ክቡራን እንግዶች፣ የፎቶና የፊልም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

መብራቱ እስኪጠፋ ጥቂት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ዛሬ የምናየው «ፔከር» ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የወጣ የጆን ዋተርስ ኮሜዲ። ዋተርስ የአሜሪካዋ የባልቲሞር ልጅ ነው፤ ፊልሞቹንም የሠራው እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። የድሮ ሥራዎቹን አይታችሁ የሰጋችሁ ካላችሁ አትፍሩ፣ ይሄኛው ከእነዚያ ጋር ሲተያይ ለስላሳ ነው። ለስላሳ ነው ስል ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ ማለቴ አይደለም።

ኤድዋርድ ፈርሎንግ የሚጫወተው ወጣት ሳንድዊች ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ፔከር የተባለው በልጅነቱ ምግቡን እንደ ጫጩት ለቀም ለቀም ያደርግ ስለነበር ነው። እናቱ የሰልባጅ ሱቅ አላት፤ ልጁ አሮጌ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያገኘውን ሁሉ ያነሳል። ስኳር ነፍሷ የሆነ ታናሽ እህቱን፣ የማርያም ሐውልት የምታናግራት አያቱን፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት የምታስተዳድረውን ፍቅረኛውን፣ ከሱቅ ዕቃ ሸሽጎ መውጣት የለመደ ጓደኛውን። አንድ ቀን አንዲት የኒውዮርክ ጋለሪ ባለቤት ፎቶዎቹን ታያለች። በቃ፣ ልጁ ታዋቂ ሆነ።

እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ዝናው የልጁ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ግን ፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። ጓደኛው ፊቱ ስለታወቀ ሱቅ ገብቶ መስረቅ አቃተው (ምስኪን፣ እንጀራው ተዘጋ!)። ቤተሰቡ ለኤግዚቢሽኑ ኒውዮርክ በሄደበት ሌባ ቤታቸውን ገለበጠው። ትንሿ እህቱ ባለሥልጣን መጣባት፣ መድኃኒትም ታዘዘላት። ፍቅረኛው ለቀልድ ብላ የተነሳችውን ፎቶ ጋዜጦች ነውር አደረጉባት፤ ክርስቲና ሪቺ ያን ቁጣ ስትጫወት ቀልዱን ረስቼ አፍሬ ነበር።

ለምን እንዳፈርኩ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ያነሳኋቸው አንድ ሰውዬ፣ ፎቷቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩት «ልጄ፣ እኔ መቼ እሺ አልኩህ?» ብለውኝ ነበር። ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር፣ እኔ ግን መልስ አጣሁ። ዛሬም የለኝም።

ዋተርስ ይህን ጉዳይ በስብከት አይነግረንም። ኒውዮርኮቹ ፎቶዎቹን እያዩ የሚስቁትን ሳቅና ፔከር የሚስቀውን ሳቅ ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ። እነሱ ከላይ ወደ ታች እያዩ ይስቃሉ። እሱ የሚስቀው ስለሚወዳቸው ነው። ልዩነቱ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ካሜራ ይዞ ልዩነቱን መጠበቅ ግን አይቀልም። በነገራችን ላይ፣ ራሷን እየለዋወጠች በማንሳት የታወቀችው ፎቶግራፈር ሲንዲ ሸርማን እንደራሷ ሆና ብቅ ትላለችና አይናችሁን ጣሉባት።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ዊትኒን የመሰለ ትልቅ የኒውዮርክ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲጠራው ልጁ ምን እንደሚመልስ፣ ከዚያም ኒውዮርኮቹ በተራቸው ሌንስ ፊት ሲቆሙ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ብቻ ጠብቁ።

በሉ፣ መብራቱን አጥፉልን።