የጥቅምት 22ቱ ጠረጴዛ
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በግማሽ ዋጋ ለሰጡን ባለቤት፣ ከማለዳ ጀምረው ወንበር ሲደረድሩ ለነበሩት ወጣቶች፣ ቡናውን ላሰናዱልን እህቶች ምስጋናዬ የላቀ ነው። መርሐ ግብሩ ለእኔ የሰጠኝ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ የተለመደውን እዚህ ላይ አቁሜ ወደ ጉዳያችን ልግባ።

አዳዲስ እንግዶች ሁልጊዜ «ስለ ሜክሲኮ ባህል የሚሰበሰብ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱ በየቀኑ ታክሲ የምንይዝበት አደባባይ ነው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ በላሳሮ ካርዴናስ ትመራ የነበረችው ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከእኛ ጋር ቆማለች፤ ወረራውንም እንደ ሕጋዊ አገዛዝ አልተቀበለችም። አደባባያችን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በሜክሲኮ ከተማም ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። እነርሱ በየቀኑ አንበሳችንን አይተው ከባቡር ይወርዳሉ፤ እኛ ደግሞ ስማቸውን እየጠራን ከታክሲ እንወርዳለን። ስሙን በየቀኑ የምንጠራውን ሕዝብ ዘፈኑን፣ ጨዋታውንና በዓሉን እንወቅ ብለን ነው የተሰባሰብነው።

በዓመቱ የሠራነውን በአጭሩ ልናገር። የስፓኒሽ ትምህርቱ ሁለት ዙር ተካሂዷል። በታኅሣሥ ለልጆች ፒኛታ፣ ማለትም ጣፋጭ ተሞልቶበት ተሰቅሎ በዱላ የሚሰበር የወረቀት ኮከብ፣ ሠርተን ሰቅለናል፤ ሰባቱን ቀንዶች ልጆቹ ራሳቸው በወረቀት አልብሰዋቸዋል። የሜክሲኮውን ኮሜዲያን የካንቲንፍላስን ፊልሞች በሁለት ምሽቶች አሳይተናል። ይህ ሰው ብዙ ተናግሮ ምንም ሳይናገር የመቅረት ጥበቡ ከማየሉ የተነሣ ስሙ በስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ግሥ ሆኖ ገብቷል። ማሪያቺ የሚባለው የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ ቡድናችን ግን ገና አልቆመም፤ ጊታሮንና ቪዌላ የተባሉትን መሣሪያዎች ከዚህ አገር ማግኘት አልቻልንም፤ ያለ ጊታሮን ደግሞ ማሪያቺው መሠረቱን ያጣል።

ከሁሉም ያስደሰተኝ የሎተሪያው ምሽት ነበር። ለማያውቁት፣ ሎተሪያ 54 ሥዕላዊ ካርዶች ያሉት የቤተሰብ ጨዋታ ነው። ዶሮው ቁጥር 1፣ እንቁራሪቷ ቁጥር 54 ናት። ዛሬም በየቤቱ የሚገኙትን ሥዕሎች ክሌሜንቴ ዣክ የተባለ ነጋዴ ነው በ1887 ያሳተማቸው፤ ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጠሪው ካርዱን በስሙ ብቻ አይጠራም፤ እንደ እንቆቅልሽ አድርጎ በግጥም ያዜመዋል፤ ተጫዋቹም ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ካገኘ ባቄላ ያስቀምጥበታል። እኛ በሽምብራ ተጫወትን። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ዶሮውን ስታወጣ በስፓኒሽ የተጻፈላትን ትታ «ክንዱ ላይ ሰዓት ሳያሥር፣ ንጋቱን ቀድሞ የሚናገር» ብላ ጠራች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያን ምሽት ይህ ማኅበር መቼም አይፈርስም ብዬ ነበር።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሣኝ ነገር ልሂድ።

ባለፈው ጥቅምት 22 ምሽት የሜክሲኮ ሰዎች ኦፍሬንዳ የሚሉትን፣ የሞቱ ወዳጆችን የማስታወሻ ጠረጴዛ ዘርግተን ነበር። በሜክሲኮ የሙታን ቀን የሚባለው ይህ በዓል የሚውለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1ኛና 2ኛ ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ለሕፃናት፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎች። ዩኔስኮ በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። ጠረጴዛው ላይ ውኃ ይቀመጣል፤ ከመንገድ የመጣ ሰው ይጠማልና። ጨው፣ ሻማ፣ ዳቦ፣ የሟቹ ፎቶግራፍና በሕይወት ሳለ የሚወደው ምግብ ይቀመጣል። ሴምፓሱቺል የሚባለው ብርቱካናማ አበባ ከደጅ ጀምሮ ይነሰነሳል። ኮፓል የሚባል የዛፍ ሙጫ ይጤሳል፤ እኛ በዕጣን ተካነው፤ ሽታው ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

ከላይ የሚንጠለጠለውን የተፈለፈለ ወረቀት ያዘጋጀው አንድ ወጣት አባላችን ነው። በፑዌብላ ግዛት፣ ዊሽኮሎትላ በምትባል ከተማ ያሉ ባለሙያዎች ብዙ ስስ ወረቀት ደራርበው በመሮና በመዶሻ ይፈለፍሉታል። ልጃችንም መሮ ከአናጢ ተውሶ በቤቱ ወለል ላይ ሞከረ። የመጀመሪያው ድርድር ወረቀት ሙሉ በሙሉ ተቀደደ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ባለሙያዎቹ ከወረቀቱ ሥር እርሳስ የሚባለውን ለስላሳ ብረት እንደሚያነጥፉ የተረዳው በሦስተኛው ነው። መሮው ሲመታ እርሳሱ ይቀበለዋል፤ እንጨት ግን ይመልሰዋል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ከሥር አነጠፈና ወረቀቱ ዳንቴል መስሎ ወጣ። ጣቶቹ በፋሻ ተጠቅልለው ነው አዳራሽ የደረሰው።

ያን ምሽት አንዲት እናታችን የባለቤታቸውን ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ከቦርሳቸው ደግሞ በመሐረብ የተጠቀለለ፣ አፉ ላይ የተሸረፈ ሲኒ አወጡ። «ቡናውን በዚህ ነበር የሚጠጣው፤ በሌላ ብሰጠው እሺ አይለኝም ነበር» አሉ። ቡና ቀድተው ፎቶግራፉ ሥር አስቀመጡት። መጀመሪያ የተሸረፈው ጎን እንዳይታይ ሲኒውን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ትንሽ ቆዩና መልሰው ወደ ፊት አዞሩት። ከዚያ ተቀምጠው ስለ እርሳቸው አጫወቱን። ከቀብሩ ወዲህ በሰው ፊት ስማቸውን አንሥተው ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው እንደሆነ የነገሩኝ ሲወጡ በር ላይ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አሥራ አንድ አባላት የፈረሙበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ያደረግነው ሙታን መሳብ ነው፣ ከሃይማኖታችን ጋር አይሄድም፣ ማኅበሩ ካልተወው እኛ ማኅበሩን እንተወዋለን ይላል። በዚያው ወር ከሌላ ወገን ሌላ ሐሳብ መጣ። ጠረጴዛው ለገቢ አይበጅም፤ ፊታችንን እንደ ራስ ቅል ተቀብተን፣ መግቢያ አስከፍለን፣ ሙዚቃ አድርገን ጭፈራ ይሁን የሚል ነው። እኔም በሁለቱ መካከል ሆኜ ዓመቱን ስብሰባ በመጥራት ጨረስኩት። ስድስት ስብሰባ ጠርቻለሁ፤ በሦስቱ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም።

በመጀመሪያ ደብዳቤውን ለጻፋችሁት እመልሳለሁ፤ ስጋታችሁን አልንቅም። በሜክሲኮ የወዳጆቻቸው ነፍስ በዚያ ሌሊት ወደ ቤት ይመጣል ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ፤ ይህን ከማንም አልሸሽግም። የበዓሉ ሥር ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ከነበረው እምነት የመጣ ነው። በዓሉን የሚያከብሩት ግን አብዛኞቹ ካቶሊኮች ናቸው፤ ሁለቱ ቀናትም በቤተ ክርስቲያናቸው የቅዱሳንና የሙታን መታሰቢያ ናቸው። መቃብሩን ጠርገው፣ አበባ አልብሰው፣ ሻማ አብርተው ከቤተሰብ ጋር እዚያው ያመሻሉ። እኛ ማንንም አልጠራንም። ፎቶግራፍ አቁመን ስም አነሣን። ይህ ተዝካር ነው አልልም፤ ተዝካር የራሱ ሥርዓት አለው፣ ካህን አለው፣ ጸሎት አለው። ነገር ግን በአርባውና በሙት ዓመቱ ስለ ሟቹ ድኻ ሲያበላ ያደገ ሰው በሟች ስም የተሰናዳ ማዕድ እንዴት ባዕድ ይሆንበታል? የሃይማኖት አባቶችን ምክር እንጠይቅ ካላችሁ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። በደብዳቤ ተለያይተን መቅረታችንን ግን አልቀበልም።

ጭፈራ ለምትሉት ወጣቶች ደግሞ፣ ጉልበታችሁን እወደዋለሁ። ሜክሲኮዎችም በሞት ላይ ይስቃሉ። ነገር ግን የምትቀቡትን ፊት ታሪክ እወቁ። ያን ባለ ላባ ባርኔጣ ራስ ቅል የቀረጸው ከአጓስካሊየንቴስ የመጣው ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ ነው። በርካሽ ወረቀት ላይ ለድኻ የሚሸጥ ሥዕል ሲያትም ኖሮ በ1913 በድህነት የሞተ ሰው ነው። ሥዕሏ በመጀመሪያ ስሟ ሽምብራ ሻጭ እንደማለት ነበር፤ የራሳቸውን ነባር ዘር አፍረው አውሮፓዊ ለመምሰል በሚለፉት ላይ የተሰነዘረ ተግሣጽ ናት። ሙሉ ቀሚስ ያለበሳትና ካትሪና በሚለው ስም ያስታወቃት ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ ነው፤ በ1947 በሣለው ግድግዳ ላይ። በሜክሲኮ ከተማ የሚደረገው ትልቁ የጎዳና ሰልፍ ደግሞ የተጀመረው በ2016 ነው፤ አንድ የስለላ ፊልም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እንዲህ ያለ ሰልፍ ፈጥሮ ካሳየ በኋላ። ሰልፉን አልነቅፍም፤ ሕዝቡ ወዶታል። ነገር ግን ሰልፉ ኖረም አልኖረም በየቤቱ ጠረጴዛው ይዘረጋል። በራስ ማንነት ማፈርን የሚገሥጽ ሥዕል ትርጉሙን ሳናውቅ ፊታችን ላይ ብንቀባው የእነርሱን ባህል አከበርን ማለት አይቻልም። ጭፈራ ካስፈለገን የቬራክሩስ ፋንዳንጎ አለ፤ በእንጨት መድረክ ላይ በእግር የሚመታ፣ ሌሊቱን የሚዘልቅ። እርሱን ተማሩና አዳራሹን እኔ እለምናለሁ።

ስለ ገንዘብ ዝርዝሩን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ መዋጮ ከከፈለ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ጥቅምት የአበባውንና የሻማውን ወጪ የሸፈኑት አራት ሰዎች ናቸው፤ ከአራቱ አንዷ ጡረተኛ ናቸው። ለፊልም ምሽት መቀመጫ የሚያንሰን ሰዎች ለወረቀት ቆረጣ ሦስት ሆነን መቅረታችን ያሳፍረኛል። ዳቦው ሲበላ ሁላችንም ነበርን፤ ሲቦካ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ነበረች።

ዛሬ እዚህ ለሌሉት ለጋሼም አንድ ነገር ልናገር። ንግግሬ ተጽፎ እንደሚደርስዎት አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ቤትዎ ድረስ የማመጣው። ከደብዳቤው ፊርማዎች የመጀመሪያው የእርስዎ ነው። ልጅ ሆነው ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ የተላኩ፣ በወጣቶች ደሴት ያደጉ፣ የሜክሲኮን ዘፈን እዚያ ሳሉ በሬዲዮ ሰምተው በልብዎ የያዙ ሰው ነዎት። ሎተሪያ መጥራትን ለዚህ ማኅበር ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ያቺ ልጅ ዶሮውን በአማርኛ ስትጠራ ዓይኔ የፈለገው እርስዎን ነበር። ኩባ ሳሉ የእናትዎን ሞት በደብዳቤ እንደሰማዎ፣ ቀብሯ ላይ እንዳልቆሙ አንድ ቀን ነግረውኛል። ይህን በሰው ፊት ማንሣቴን ይቅር ይበሉኝ። ጠረጴዛው ለማንም አያስፈልግም ብለው ቢጽፉልኝ እቀበል ነበር፤ ለእርስዎ አያስፈልግም ብሎ ማመን ግን አቅቶኛል። ተቃውሞዎን ይዘው ይምጡ፤ ፊት ለፊት ይንገሩን። ፎቶግራፍ ማምጣት አይጠበቅብዎትም።

ሌሎቻችሁም የፈረማችሁ፣ ስልክ ደውዬ ያላነሣችሁልኝ፣ «እንመጣለን» ብላችሁ የቀራችሁ፣ ማኅበሩ በእናንተ መቅረት አልፈረሰም፤ ግን ጎድሏል።

ጥቅምት 22 ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከሻይ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን፤ ጥያቄው ጠረጴዛው ዘንድሮ ይዘርጋ ወይስ ይቅር የሚል ነው። እኔ ይዘርጋ እላለሁ። ከተዘረጋም መግቢያ አይከፈልበትም፤ ፎቶግራፍ ማምጣት የፈለገ ያመጣል፣ ያልፈለገ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ብሸነፍ ውሳኔያችሁን አክብሬ እፈርማለሁ፤ የወረቀት ቆራጩ ልጅ ግን ሥራውን እንዲቀጥል እጠይቃለሁ፣ በታኅሣሥ ለልጆቹ ይሆናል።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የሥራ ዝርዝር ተለጥፏል። አበባ ማምጣት፣ ዳቦ መጋገር፣ ወረቀት መቁረጥ፣ ሻማ መጠበቅ፣ አዳራሽ መጥረግ ይላል። ከእያንዳንዱ ጎን ስም መጻፊያ ቦታ አለ። ጠዋት ሳየው ሁለት ስም ብቻ ነበረበት፤ አንዱ የወረቀት ቆራጩ፣ ሌላው ሲኒ ያመጡት እናታችን። እርሳቸው የጻፉት ሻማ ከሚለው ጎን ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ከመስኮቱ ጎን ያለውን ባዶ ወንበር እባካችሁ ማንም እንዳያነሣው። ገንዘብ ያዣችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።