ዳሎል ድረስ ሄዶ ከመኪና ያልወረደው ሰው

እሺ። ሻይ ይዣለሁ፤ ፉት ስል ብትሰሙኝ ታገሱኝ። "የዳሎልን ጉዞ አውራልን" እያላችሁ ስትወተውቱኝ ዝም ያልኩት ለመኮፈስ አይደለም። ፎቶውንማ አይታችሁታል። ግን ያልወጣልኝ ነገር አለ። ስለ ፕላን ኮሚሽን ነው። አዎ፣ ያው የኛው ፕላን ኮሚሽን፤ ጉዞ ማቀድ ስለማይሰለቸው እንዲህ የምንጠራው ጓደኛችን።

ይሄን ጉዞ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ነበር የሚያወራው። "ከመቀሌ ተነስተን፣ በራህሌን አልፈን፣ ሐመድ ኢላ እናድራለን" እያለ ሶፍት ላይ ካርታ ይስላል። አባቱ በልጅነታቸው ከአርሆ፣ ማለትም ከጨው ጫኝ ቅፍለኞቹ ጋር ወርደው በግመል አሞሌ ያመጡ ሰው ናቸው። ያንን ታሪክ እኔ ራሴ በቃሌ ይዤዋለሁ።

መንገዱ... ወይ መንገዱ! መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ነው። ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ቁልቁል። ጆሮዬ ድፍን አለ። ከላይ ጠጥተን የከደነው ባዶ ሃይላንድ ማንም ሳይነካው ቀጭ ቀጭ እያለ ተጨማደደ። ፕላን ኮሚሽን አንስቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው። አልቀለደም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ? እንጃ።

አሁን ቦታው ላይ ነን እንበል። የጨው ዓምዶቹ ጋ። ፊታችን ተገትረዋል። እንደተደራረበ እንጀራ ንብርብር ናቸው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ጭቃ። ድሮ ቀይ ባሕር እዚያ ገብቶ ነበር፤ ውኃው ተነነና ጨዉ ቀረ። ውፍረቱ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከላይ ጠንከር ያለ ንብርብር የጋረደው ቆመ፤ ሌላውን ያቺ አልፎ አልፎ ብቅ የምትል ዝናብ አሟሟችው።

እኛ ወረድን። እሱ በሩን ከፈተ። አንድ እግሩን አወጣ። ጫማው ጨዉን ረገጠ፤ ኮሽ ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ ቆመ። ቀና ብሎ እንኳን አላየም፤ መሬቱን ነው ያየው። ሾፌሩ "ወንድም፣ ወይ ውረድ ወይ ዝጋው፣ ኤሲ እየሠራ ነው!" አለ። እግሩን ሰበሰበ። በሩን ዘጋ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ "እናንተ ሂዱ፣ ከዚህ ይታየኛል" አለኝ።

ምኑ ነው የሚታየው? መስታወቱ አቧራ ብቻ ነበር!

ሙቀቱ ነው እንዳልል፣ ሙቀት መሆኑን ከማናችንም በላይ ያውቃል። የዓመቱ አማካይ ራሱ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው ብሎ የነገረን እሱ። ጣሊያኖች ፖታሽ ለማውጣት ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ዳሎል አቅራቢያ የባቡር ሐዲድ መዘርጋታቸውን፣ እሱም በ1918 እ.ኤ.አ. መጠናቀቁን የነገረንም እሱ ነው። በነገራችን ላይ የማዕድን ሠራተኞቹ ቤቶች ፍርስራሽ አሁንም አለ። ግድግዳው ከጨው ነው። ከጨው ቤት! ዝናብ ሲያካፋ ምን ይሰማቸው ነበር? በውድቅት ሌሊት ተነስተው ግድግዳቸውን ይዳብሱ ነበር ይሆን? ቆይ፣ ምን እያልኩ ነበር?

አዎ፣ በሩ። ዘጋው።

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ስንት ብር፣ ስንት ልመና። ስመለስ አንገቱን ደፍቶ ስልክ ይነካካል። ኔትወርክ በሌለበት! ከዚያ አመሻሽ ላይ ግመሎቹ ጨው ተጭነው ሲያልፉ አየኋቸው። የመጨረሻውን የሚነዳው ልጅ ነው፣ ልጅ እግር። ፕላን ኮሚሽንም እያየው ነበር። ምናልባት አባቱን... ወይም እኔ ነኝ ፊልም የምሠራው። ሆዱን አሞት ሊሆን ይችላል። በራህሌ የበላነው ጥብስ እኔንም ሲያጉረመርመኝ ነበር።

ትናንት ደወልኩለት። ልጠይቀው ነበር፣ ማርያምን። ገና ሰላም ሳንባባል "ሶፍ ዑመርን አስበኸዋል? በጎባ በኩል ነው የሚሻለው" ብሎ ጀመረ። ሶፍት እንደያዘ ታውቆኛል። እኔ ደግሞ "መኪናውን ማን ያመጣል?" አልኩት። እንዲህ ያልኩት እንዳልጠይቀው ነው? ወይስ...

እኔ እንጃ። ሻዩም ቀዝቅዟል።