ጃስ ያለው ማን ነው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ውሾቻችሁን ይዛችሁ ለመጣችሁ ደግሞ አደራ፣ ማሰሪያቸውን አትልቀቁ። ከኋላ ምሳው ተደርድሯል።

አምና ቡና ላይ የተነሳውን ጭቅጭቅ አልረሳችሁትም። እዚህ እንግሊዝ አገር በውሻ ስለሚታደነው ቀበሮ ነበር። አንድ አባላችን «ቀይ ቀበሮ እኮ ሊጠፋ ነው፣ እንዴት ያድኑታል?» ብሎ ቱግ አለ። እሱ ያሰበው የባሌንና የስሜንን ነው። እዚህ የሚታደነው ሌላ ነው፤ ማታ ማታ የቆሻሻ ከረጢታችንን የሚዘነጥለው። የባሌውንማ ከሚያሰጉት አንዱ የኛው የቤት ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ያጋባበታል።

ወደ ጭቅጭቁ ልመለስ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።

አደኑን ላላያችሁ እንዲህ ነው። ሰዎቹ ፈረስ ላይ፣ ውሾቹ በመንጋ ከፊት። ጥሩምባ ይነፋል። ውሾቹ ጠረን እያነፈነፉ ይከተላሉ፣ ከደረሱበት ይቦጫጭቁታል። ደጋፊዎቹ ባህላችን ነው፣ እንጀራችን ነው፣ ቀበሮ በግና ዶሮ ይፈጃል ይላሉ። በ2002 ለንደን ላይ 400 ሺህ ያህል ሰው ተሰልፏል። እኔም ልጅ ሆኜ በግ ጠብቄያለሁና የበጉን ነገር አልንቀውም። ግን መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ በ2000 አደኑ የቀበሮውን ደኅንነት ክፉኛ እንደሚጎዳ ጽፏል። ስኮትላንድ በ2002 ሕግ አወጣች። በእንግሊዝና በዌልስ ክልከላው በ2005 ሥራ ላይ ዋለ።

ታዲያ ቆመ? ፈረሱም፣ ውሻውም፣ ጥሩምባውም አሁንም አለ። በቀበሮው ፈንታ የቀበሮ ሽንት የነካው ጨርቅ መሬት ለመሬት ይጎተትና ውሾቹ እሱን ይከተላሉ። መንገድ ላይ እውነተኛ ቀበሮ ብድግ ሲልስ? «እኛ ጃስ አላልንም፣ ውሻው በራሱ ሄደ» ይባላል። እስቲ እናንተ ውሻ አሳዳጊዎች ናችሁ። በቀበሮ ሽታ የሠለጠነ ውሻ ቀበሮ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ይቅርታ ጠይቆ ያልፋል? ሕጉ የሚጠይቀው ሰውየውን ነው። ሆን ብሎ እንደሆነ ማስረዳት ግን አበሳ ነው።

ግልቢያውን አልጠላም። ከቀበሮ ጋር በማይገናኝ ሽታ ውሾቻቸውን የሚያስሮጡ ቡድኖች ድሮም አሉ፤ እነሱ ይብዙ። የሽንቱ ጨርቅ ግን ይቅር። ስኮትላንድ በ2023 ዘግታዋለች፤ የሌበር ፓርቲም በ2024 የምርጫ ሰነዱ እንደሚከለክለው ቃል ገብቷል። ማኅበራችን ይህን ደግፎ ደብዳቤ እንዲጽፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። የምትቃወሙኝ እዚሁ ተናገሩ፣ እንደ አምናው ለቡናው አታቆዩት።

አሁን ገንዘብ ያዣችን ሪፖርታቸውን ያቅርቡልን።