«ምንም አይሆንም» አትበሉ
(በጎንደር ለማኅበረሰብ ጤና አስተማሪዎች በተዘጋጀ የክትባት ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶችና የዕድር ዳኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ፣ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የእቴጌይቱ ቤተሰብ ልጆች በፈንጣጣ ተይዘው አገኛቸው። የግንብ አጥር በሽታውን አላገደውም። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ወጣቶች ግን ፈንጣጣ ያየ የለም። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1976 ከኢትዮጵያ የጠፋው፣ ክትባት ይዘው በእግርና በበቅሎ አገር ባዳረሱ ሰዎች ድካም ነው።

የእኛም ሥራ የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው። የዛሬዋ እናት ፈንጣጣን አታውቅም፤ ጉሮሮ የሚዘጋውን ዘጊ አናዳንም ምናልባት በስም ብቻ ነው የምታውቀው። የምታየው መርፌውን፣ የምትሰማው የልጇን ለቅሶ ነው። ብትጠራጠር አትፍረዱባት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ «ምንም አይሆንም» የሚለው አነጋገር ከአፋችን ይጥፋ። በተወለደ በስድስተኛው ሳምንት ፔንታ፣ ማለትም ዘጊ አናዳን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት፣ የተከተበ ሕፃን ሌሊት ሊያተኩሰው ይችላል። ምንም አይሆንም የተባለች እናት ያን ሌሊት ዋሹኝ ብላ ታድራለች፤ በአሥረኛው ሳምንት ለሁለተኛው ዙር አትመለስም። ይልቅ አስቀድማችሁ ንገሯት፦ «ዛሬ ማታ ሊያተኩሰው፣ የተወጋበትም ሊያብጥ ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ጡት አዘውትረሽ አጥቢው። ትኩሳቱ ከበረታ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አምጪው።» ሲወለድ ክንዱ ላይ የሚሰጠው የቲቢ ክትባትም ከሳምንታት በኋላ ያቆስላል፣ ይፈነዳል፣ ጠባሳ ይተዋል። የሚጠበቅ ነው። ቅቤም ቅጠልም አይቀባበትም፤ ንጽሕናው ይጠበቅ እንጂ። ይህን ቀድማ የሰማች እናት ቁስሉን ስታይ አትደነግጥም፤ እንዲያውም ለጎረቤቷ የምታስረዳው እሷ ትሆናለች።

ስለ ኩፍኝ «አንዱን ወስዷል፣ ይበቃዋል» ስትባሉ፣ በዘጠኝ ወሩ ከተከተቡት አንዳንዶቹ በቂ መከላከያ ስለማያዳብሩ በአሥራ አምስት ወሩ እንደሚደገም ንገሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ነው። አንድ አባት «ልጄን ሊያመክኑብኝ ነው» ቢላችሁ አትሣቁ፣ አትቆጡም። ከማን እንደሰሙ ጠይቋቸው፤ እስኪጨርሱ አድምጡ። ከዚያ እውነቱን በቀጥታ ተናገሩ፦ ክትባቱ አያመክንም፤ የማህፀን በር ካንሰርን ከሚያመጣው ቫይረስ ይጠብቃታል። የማታውቁትን ቢጠይቋችሁ «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» በሉና በቀጠራችሁት ቀን ተመለሱ። የቀጠሮ ሰው ይታመናል፤ ደጋግሞ የማለ ግን ያስጠረጥራል።

አሁን ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዳችሁ ለሁለተኛው ፔንታ ያልተመለሰች እናት፣ ሌላችሁ ደጇ ላይ የቆመ አስተማሪ ትሆናላችሁ። እናትየዋ ተናግራ ሳትጨርስ አስተማሪው አይመልስም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትለዋወጣላችሁ።