ከውጭ እናምጣ ወይስ እዚሁ እናምርት? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ገቢ ዕቃ ጥገኝነትና ስለ አገር ውስጥ ምርት በተደረገው የስልክ ውይይት ብዙ ጥያቄ ገብቶ ነበር። በሰዓት እጥረት በጥድፊያ ያለፍኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዳጊ አገር እስከ መቼ ሁሉን ነገር እየገዛ ይኖራል? ማስመጣቱ አንዴ ጥርቅም ተደርጎ ቢዘጋ ሰው ተገዶ ያመርት ነበር። ለምን አይሞከርም?

መልስ፦ ተሞክሯል። ሕንድ በ1947 ነፃ ከወጣች በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል በሯን ጠበብ አድርጋ ይዛ ነበር። ፋብሪካ ተከፍቷል፤ ብረትም ማሽንም ማምረት ተችሏል። ይህ የሚካድ አይደለም። ግን አምባሳደር የሚባለው መኪና ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 2014 ድረስ መልኩ ብዙም ሳይቀየር ተመረተ። በሩ በተዘጋባቸው ዓመታት ገዢው አማራጭ አልነበረውም። አምራቹም ለማሻሻል የሚያስጨንቀው ነገር አልነበረም።

ጥገኝነቱም አልቀረም። በ1991 የሕንድ የምንዛሪ ክምችት ለሦስት ሳምንት ያህል ገቢ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ወርቁን በአውሮፕላን ወደ ለንደን ልኮ በመያዣ ተበደረበት።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ሰው ገቢ ዕቃ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ሱቅ ውስጥ የተደረደረው ነው። የጉምሩክ መዝገብ ሲገለጥ ግን ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ ብረት፣ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ፣ ኬሚካል፣ ማሽንና መለዋወጫ ነው። ያለቀለትን ዕቃ ማስመጣት ያቆመ አገር፣ ዕቃውን የሚሠራበትን ማሽንና ግብዓት ማስመጣት ይጀምራል። በሩ ከተዘጋ ቀድሞ የሚቆመው ፋብሪካው ነው። ስለዚህ እኔ የገባውን ዕቃ ብዛት ብቻ አላይም። የማየው በገባው ዕቃ ላይ አገር ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደተጨመረበት ነው።

ጥያቄ፦ አነስተኛ የጃኬት ስፌት ፋብሪካ አለኝ። ያለቀ ጃኬት የሚያስመጣው ነጋዴ በዋጋ ይመታኛል። ሠራተኞቼ ሰነፎች አይደሉም። የት ጋ ነው የምሸነፈው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ ሽንፈቱ የሚጀምረው ጉምሩክ ላይ ነው። ይህን ረዘም አድርጌ ልመልሰው፤ ለእኔ የነገሩ ልብ እዚህ ጋ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።

አንድ ጃኬት በዓለም ገበያ 100 ዶላር ነው እንበል። ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ዚፑ፣ ክሩና ቁልፉ ከውጭ መጥቶ በድምሩ 60 ዶላር ይፈጃል። ቀሪው 40 ዶላር የእርስዎ ድርሻ ነው። ደመወዝ፣ ኪራይ፣ መብራት፣ የባንክ ወለድ፣ ትርፍ፣ ሁሉም ከዚያው ይወጣል።

አሁን ያለቀ ጃኬት ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ይጣል፤ ግብዓቱ ግን ያለ ቀረጥ ይግባ። የገባው ጃኬት 120 ዶላር ይሆናል። እርስዎም እስከ 120 ድረስ መሸጥ ይችላሉ። ለግብዓት 60 ከፍለው 60 ይቀርዎታል። 40 የነበረው 60 ሆነ ማለት ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀረጥ 20 በመቶ ነው። ለእርስዎ ሥራ የሰጠው ከለላ ግን 50 በመቶ ነው።

ግብዓቱም 20 በመቶ ቢቀረጥስ? ለግብዓት 72 ይከፍላሉ፤ 48 ይቀራል። ከለላው ወደ 20 በመቶ ወረደ።

አሁን ወደ ክፉው እንምጣ። ጃኬቱ 10 በመቶ፣ ጨርቁና ዚፑ 30 በመቶ ይቀረጥ። ጃኬቱ 110 ይሸጣል። ግብዓቱ 78 ያስወጣል። እጅዎ ላይ የሚቀረው 32 ነው። ምንም ቀረጥ ባይኖር ኖሮ 40 ያገኙ ነበር። አገሪቱ የራሷን አምራች እየቀጣች ነው። የጎደለውን 8 ዶላር ለመሙላት ሠራተኛዎ ሌት ተቀን ቢሠራም ይከብደዋል።

እንዲህ ያለ ታሪፍ አብዛኛውን ጊዜ በተንኮል አይወጣም። ለታዳጊ አገር መንግሥት ወደብ ላይ የሚሰበሰብ ቀረጥ ለመሰብሰብ ቀላል ገቢ ነው። ደግሞ አንድ የዚፕ ፋብሪካ ይከፈትና ከለላ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ክር አምራቹ ይመጣል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው። ተደምሮ ግን የጃኬት ሰፊው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ወደ ውጭ ለሚልክ ፋብሪካ ማምለጫ ይዘጋጅለታል። ግብዓቱን ቦንድድ መጋዘን፣ ማለትም በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ያለ መጋዘን፣ አስገብቶ ቀረጥ ሳይከፍል ይሠራል። ወይም ከፍሎ ያስገባና ዕቃውን ሲልክ ተመላሽ ይጠይቃል። ተመላሹ ከዘገየ የሥራ ማስኬጃው ገንዘብ ታስሮ ይከርማል። ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሰፋው አምራች ደግሞ በአብዛኛው ከሁለቱም አይጠቀምም።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ። የአንድ ጃኬትዎን ሒሳብ ልክ እንደዚህ መስመር በመስመር ይጻፉና በማኅበርዎ በኩል ለታሪፍ ክፍል ያቅርቡ። “እየተጎዳን ነው” የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። 40 እንዴት 32 እንደሆነ የሚያሳይ ገጽ ግን መልስ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ክፍሉ ሁሉ በሳጥን መጥቶ እዚህ የተገጣጠመ መኪና “አገር ውስጥ ተመረተ” ይባላል። ቡሎን ማጥበቅ ማምረት ነው እንዴ?

መልስ፦ መነሻ ከሆነ አልንቀውም። ሃዩንዳይ ሞተር በ1967 ተቋቁሞ በዓመቱ የጀመረው የፎርድን ኮርቲና በመገጣጠም ነው። በ1975 ፖኒ የተባለውን የራሱን ሞዴል አወጣ። ያኔም ንድፉ የጣሊያናዊው ጁጃሮ፣ የሞተሩ ቴክኖሎጂ የሚትሱቢሺ ነበር። ራሱ የነደፈውን የመጀመሪያ ሞተር ያወጣው በ1991 ነው። ቡሎን ከማጥበቅ እስከ ሞተር ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በመካከሉ ግን መቆም አልነበረም።

የሚያሳስበኝ የማይንቀሳቀሰው ገጣጣሚ ነው። የተፈታው መኪና ቀረጥ ዝቅተኛ፣ የተገጠመው ከፍተኛ ይሆናል። ድርጅቱ በዚያ ልዩነት ብቻ ይኖራል። ልዩነቱ የተነሳ ቀን ይዘጋል። ስለዚህ ፋብሪካ ለጉብኝት ስትሄድ አንድ ነገር ጠይቅ። ከሦስት ዓመት በፊት ከውጭ ይመጣ ከነበረው ክፍል፣ ዛሬ ከአገር ውስጥ አቅራቢ የሚገዛው የትኛው ነው? ወንበሩ? ሽቦው? መስታወቱ? “ምንም” ካሉህ መልስህን አገኘህ።

ጥያቄ፦ ዕውቀቱም የለን፣ የውጭ ምንዛሪውም የለን። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ለመክፈት ወራት ነው የምንጠብቀው። ሁለቱም የሌለው ከየት ይጀምራል?

መልስ፦ ባንግላዴሽን ይመልከቱ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዴሽ የተባለ የልብስ ኩባንያ ከኮሪያው ኩባንያ ዴዉ ጋር ተዋዋለ። 130 ገደማ ሠራተኞቹን ለወራት ሥልጠና ወደ ኮሪያ ላከ። እዚያ የተማሩት ስፌት ብቻ አልነበረም። መስመር ማደራጀትን፣ ጥራት መቆጣጠርን፣ ከውጭ ገዢ ጋር መደራደርን ይዘው ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ዴሽን ለቀው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፤ ሌሎቹም በአዳዲስ ፋብሪካዎች ኃላፊ ሆኑ። ለኩባንያው ጉዳት ነበር። አገሪቱ ግን አንድ ኢንዱስትሪ አገኘች።

የምንዛሪውን ችግር የፈቱበት መንገድ ደግሞ የባንክ አሠራር ነው። የውጭ ገዢው ለልብሱ ኤልሲ ይከፍታል። የአምራቹ ባንክ ያንን ኤልሲ መያዣ አድርጎ ለጨርቅ ሻጩ ሁለተኛ ኤልሲ ይከፍታል። የጨርቁ ዕዳ የሚከፈለው ልብሱ ተሽጦ በሚገባው ዶላር ነው። አምራቹ ምንዛሪ ፍለጋ ደጅ አይጠናም። ዛሬ ከባንግላዴሽ ወጪ ንግድ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ልብስ ነው።

ይህን ስናገር ራና ፕላዛን መዝለል አልችልም። የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት የባንግላዴሽ ሕንፃ ነው፤ በ2013 ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር። የፋብሪካ ደኅንነት ቁጥጥር ስናድግ የምንደርስበት ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከመጀመሪያው ማሽን ጋር መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ አገር ውስጥ የተሠራ ዕቃ ደጋግሜ ገዝቼ ተበላሽቶብኛል። ዋጋውም ከውጭው አይተናነስም። እስከ መቼ ነው ፋብሪካ በእኔ ኪስ የሚለማመደው?

መልስ፦ እናቴ፣ ቅሬታዎ ትክክል ነው። ከለላ ማለት ሸማች ከኪሱ አውጥቶ ለፋብሪካ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። የሚከፍል ሰው መቼ እንደሚያበቃ የማወቅ መብት አለው።

ደቡብ ኮሪያ ላይ ከለላውና ርካሹ ብድር ግዴታ ነበረበት፤ ወደ ውጭ መላክ። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ወርሃዊውን የወጪ ንግድ ስብሰባ ራሳቸው ይመሩ ነበር። በ1964 100 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ዓመታዊ ወጪ ንግድ በ1977 10 ቢሊዮን ደረሰ። አገዛዙ ጨቋኝ ነበር፤ ሠራተኛውም ብዙ ዋጋ ከፍሏል። ያንን የሚቀዳ አይኑር። ግን የውጭ ገዢ ለማንም አገር ፋብሪካ አያዝንም። ዕቃው ካልሆነለት ይመልሳል። ይህ ፍተሻ አገር ውስጥ ላለው ሸማችም ይተርፋል።

ብራዚል ሁለቱንም መንገድ አይታለች። በ1984 በወጣ ሕግ የኮምፒዩተር ገበያዋን ለአገር ውስጥ ኩባንያዎች ብቻ አደረገች። ኮምፒዩተሮቹ ውድና ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀሩ ሆኑ። ሕጉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቀረ። ያችው ብራዚል በ1969 ኤምብራየርን አቋቁማ አውሮፕላን ለዓለም ሸጣለች። ባንዴራንቴ የተባለው አውሮፕላናቸው ሞተሩ የካናዳው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ነበር። ሁሉን እኛ እንሥራ አላሉም። ንድፉንና አካሉን ያዙ፤ ሞተሩን ገዙ።

ጥያቄ፦ ልባሽ ጨርቅ ቢከለከል የልብስ ፋብሪካዎች አይነሡም?

መልስ፦ ክልከላው ብቻውን አያነሣቸውም። ሩዋንዳ በ2016 የልባሽ ጨርቅ ቀረጥን በኪሎ ከ0.20 ወደ 2.50 ዶላር አሳደገች። አሜሪካ ተቃወመች፤ በ2018 የሩዋንዳ ልብስ በአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ በሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ያገኝ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። ሩዋንዳ በአቋሟ ጸናች፤ የማድረግ መብትም ነበራት። ነገር ግን ልባሹ ሲወጣ ቦታውን ርካሽ አዲስ ገቢ ልብስ ሊይዘው ይችላል። በልባሽ ንግድ የሚተዳደረው ሰውም ምን ሠርቶ ይደር የሚለው አብሮ መመለስ አለበት።

ጥያቄ፦ የቅንጦት ዕቃ ቢታገድ ምንዛሪ አይተርፍም?

መልስ፦ ትንሽ ይተርፋል። ቀሪው በኮንትሮባንድ ይገባና መንግሥት ቀረጡንም ያጣል። ከእገዳ ይልቅ ከበድ ያለ ቀረጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተናል። ከውጭ ከሚገባው ውስጥ የትኛውን ማምረት እንጀምር?

መልስ፦ ክብደቱ ወይም ስፋቱ ብዙ፣ ዋጋው ግን ትንሽ የሆነውን ይፈልጉ። ባዶ ጠርሙስ፣ ካርቶን፣ የውኃ ታንከር። ባዶ ታንከር የጫነ መርከብ አየር ነው የሚያጓጉዘው። የማጓጓዣው ወጪ ማንም የማይሽረው ከለላ ይሆንልዎታል።

ከዚህ ወገን አንድ ዕቃ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ለሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጠው ግሉኮስ። ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። አንድ አገር ውኃ በመርከብ እያስመጣ ነው ማለት ነው። ደግሞ ችግር ሲመጣ ሻጭ ይጠፋል። በኤፕሪል 2020 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቆጥር 80 አገሮችና የጉምሩክ ግዛቶች በኮቪድ ምክንያት የአንዳንድ ዕቃዎችን ወጪ ንግድ ከልክለው ወይም ገድበው ነበር። ከተገደቡት ብዙዎቹ የሕክምና ዕቃዎች ነበሩ።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ውኃው በከፍተኛ ደረጃ መጣራት አለበት። ከረጢቱ ከተሞላ በኋላ በ121 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይመከናል። የእያንዳንዱ ዙር ሙቀትና ደቂቃ ይመዘገባል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ያ ዙር ወደ ሆስፒታል መሄድ አይችልም። የከረጢቱ ፕላስቲክም ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ቀረጡን ከላይ እንዳየነው አስሉት።

ስለዚህ ማሽን ከማዘዛችሁ በፊት፣ ልትተክሉበት ያሰባችሁበት አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎች ዘንድ ሂዱ። በሳምንት ስንት ሰዓት መብራት እንደሚጠፋባቸው መዝገባቸውን እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። ለጄኔሬተር የሚያወጡትን የናፍጣ ወጪ ጠይቁና በአንድ ከረጢት ስንት እንደሚመጣ አካፍሉት። የማሽን ሻጩን ዋጋ የምትጠይቁት ያንን ቁጥር ከያዛችሁ በኋላ ነው።