ምስቅልቅል

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንደምን ዋላችሁ? የተከበራችሁ የደሴ መምህራን፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የቆምኩት ጓዳ ውስጥ ከምትውል አንዲት ቃል ጋር ነው። ዕቃው ከየቦታው ሲወጣ፣ መዝገብ ሲጠፋ፣ ቀጠሮ ከቀጠሮ ሲጋጭ «ምስቅልቅሉ ወጣ» እንላለን።

እስቲ ጆሮ ስጧት። መጨረሻዋን ትደግማለች፦ ቅል፣ ቅል። እኅቶቿም እንዲሁ ናቸው። ድብልቅ ስንል ጤፍና ማሽላ ለእንጀራ ታስቦበት ተቀላቅሎ ይሆናል፤ ድብልቅልቅ ስንል ግን ማንም ያላሰበው መጥቷል። ትርምስምስ፣ ዝብርቅርቅ፣ ግልብጥብጥ ሁሉም መጨረሻቸውን ይደግማሉ። ነገሩ አንዴ ሆኖ እንዳላቆመ አማርኛ በድምፁ ያሰማናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ቋንቋዬን እንደ አዲስ እወደዋለሁ።

ሥሯ ሰቀለ ነው። ከሰቀለ መስቀል ወጣ፤ ከመስቀል ደግሞ አማርኛ አመሳቀለ የሚል ግሥ አበጀ፤ አንዱን በሌላው ላይ አግድም አሳለፈ ማለት ነው። ሁለት መንገድ ሲቋረጥ መስቀለኛ የምንለው ለዚህ ነው። መተላለፉ በየአቅጣጫው ሲበዛ ተመሰቃቀለ ሆነ።

መስቀለኛ ቅርጽ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። አምባሰል ላይ ግሸን ማርያም ያለችበት አምባ ራሱ መስቀለኛ ነው፤ መስከረም 21 ስንቱ ሰው ያንን አቀበት ይወጣል! መስቀል የሚለው ክቡር ስም ከጓዳ ትርምስ ጋር አንድ ሥር ይጋራል ስላቸው የሚከፋቸው አሉ። ሊከፋቸው አይገባም እላለሁ። አማርኛ የወሰደው ቅርጹን ነው።

እኔ ቃሏን የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ከሸማኔ ጎረቤታችን ነው። ድሩ ተወጥሮ፣ ማጉ በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲያልፍ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ያ ሁሉ ክር ተመሳቅሎ ጋቢ ይሆናል። አንድ ቀን ለምሳ ሲገቡ ጠብቄ ማጉን ጎተትኩት።

ሲመለሱ «አይ ልጄ፣ ምስቅልቅሉን አወጣኸው» አሉኝ። አልተቆጡም። ጫፉን ፈልገው፣ በምራቃቸው አርሰው፣ በሁለት ጣታቸው አሹት። «በል ያዝልኝ» አሉ። እስኪመሽ ድረስ ክሩን እጄ ላይ ጠምጥሜ አብሬያቸው ፈታሁ።

አመሰግናለሁ።