የቪኮፎርቴው ጉልላትና ያልጻፍነው ደብዳቤ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ለዓድዋ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ቅዳሜ ስለምንሄድባት ከተማ ታሪክና ስለሚታየው ነገር አስረዳ» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ግን ለአስጎብኚነት ብቻ እንዳልቆምኩ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፤ እሱም በተራው ይመጣል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። የኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ቪኮፎርቴ ትንሽ ናት። እዚህ ጣሊያን፣ ኩኔዮ አውራጃ ውስጥ፣ ከሞንዶቪ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ሦስት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት። ከተማ ለማለትም አፍ ይከብዳል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትቃረቡ ግን ከሜዳው መሀል አንድ ጉልላት ብቅ ይላል። ክብ አይደለም፤ ሞላላ ነው፣ እንደ እንቁላል። በረጅሙ በኩል 37 ሜትር፣ በአጭሩ 25 ሜትር ገደማ። ከመሬት እስከ ጫፉ 74 ሜትር። በሞላላ ጉልላት ከዓለም የሚበልጠው የለም። ሦስት ሺህ ሰው ላላት መንደር!

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አዳኝ ስህተት ነው። ጫካው ውስጥ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችበት ዓምድ ነበር። በ1592 አካባቢ ጁሊዮ ሳርጃኖ የሚባል አዳኝ አደን ላይ ሳለ ሲተኩስ ሥዕሏን መታ። «ሥዕሏ ደማች» ይላል አፈ ታሪኩ። ሰውየው ደነገጠ፣ ነፍጡን ሰቀለ፣ ለማደሻ የሚሆን ምጽዋት መለመን ጀመረ። ከዚያ ተሳላሚው ጎረፈ። ያ ዓምድ ዛሬም እዚያው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያውን ነው የሠሩበት።

የሳቮያው መስፍን ካርሎ ኤማኑኤሌ ቀዳማዊ ይህን ሲያይ ጎመጀ። «የቤተሰቤ መቃብር ይሁን» አለ። በ1596 አስካኒዮ ቪቶዚ የሚባለው አርክቴክት ሥራውን ጀመረ። መሬቱ ግን እምቢ አለ። በአንድ በኩል ጠንካራ፣ በሌላ በኩል ሸክላ አፈር ሆነና ግንቡ ሲወጣ መሬቱ ይሰምጣል። ቪቶዚ በ1615 ሞተ። መስፍኑ በ1630 ሞተ። ሕንፃው ጉልላት ሳይኖረው ከመቶ ዓመት በላይ ቆመ። በመጨረሻ የሞንዶቪው ልጅ ፍራንቼስኮ ጋሎ መጣና በ1732 ጉልላቱን ገጠመው። የእንጨት መደገፊያው ሊነሳ ሲል ሠራተኞቹ «ይናድብናል» ብለው ሸሹ፤ ጋሎ ራሱ ወጥቶ አነሳው ይባላል። ይህቺን ታሪክ እወዳታለሁ። የሠራውን የሚያምን ሰው ከሥሩ ይቆማል።

ውስጡን የሸፈነው ሥዕል ከ6 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ነው። አንገታችሁን አዘጋጁ። የሳቮያ ቤተሰብ ግን ሐሳቡን ቀየረና መቃብሩን እዚሁ ቶሪኖ፣ ሱፐርጋ ላይ ሠራ። ቪኮፎርቴም ባለቤቶቹ የተዉት ቤት ሆኖ ቀረ። እስከ 2017።

አሁን ወደ ጉዳዬ መጣሁ።

በታኅሣሥ 2017 ከዚሁ ከሳቮያ ቤተሰብ የጣሊያን ንጉሥ የነበረው የቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ 3ኛ አጽም ከእስክንድርያ፣ ከግብፅ፣ በጣሊያን አየር ኃይል አውሮፕላን ተጭኖ መጣና ቪኮፎርቴ አረፈ። ሚስቱ ኤሌና ከፈረንሳይ ከሞንፔልዬ መጥታ ሁለት ቀን ቀድማዋለች። ዛሬ ጎን ለጎን ናቸው።

ይህ ሰውዬ ማን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ አልነግርም። ግን ልጆቻችሁ ጠይቀዋችሁ ያውቃሉ? ሜይ 9 ቀን 1936፣ በኛ ግንቦት 1 ቀን 1928፣ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የተባለው እሱ ነው። የሚገርመው፣ የጣሊያንን ዙፋን የለቀቀውም ልክ በአሥር ዓመቱ፣ ሜይ 9 ቀን 1946 ነው። ቀኗ ራሷ ታዘበችው።

መስከረም አካባቢ ለእመቤታችን በዓል ትልቅ ገበያ ይቆማል። ባለፈው ጊዜ ለገበያው አንድ ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፣ ይቆጡኛል። ባቡር ውስጥ ዳቦ ቆሏቸውን ከኪሳቸው እያወጡ «የት ነው የምትወስደኝ?» አሉኝ። «ንጉሥ ላሳይዎት» አልኳቸው። «የማን ንጉሥ?» «የኛም ነኝ ባይ ነበር።» ዝም አሉ። እስከ ሞንዶቪ ድረስ አላናገሩኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲገቡ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አማተቡ። ዓምዱ ጋ ቆመው ጸለዩ። መቃብሩ ፊት ስንደርስ ግን ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

አጠገባችን አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ነበሩ። በዓይናቸው ገሠጿቸው። ጋሼም አሥመራ በተማሩት ጣሊያንኛ «ሲኞራ፣ ይቅርታ» አሉ። «እኔ ስወለድ ይህ ሰው ንጉሠ ነገሥቴ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።» ሴትዮዋ ትንሽ ቆዩና «አላውቅም ነበር» አሉ። በኋላ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረው ተቀምጠው ዳቦ ቆሎ ሲበሉ አገኘኋቸው። ጋሼ ስለ ግራዚያኒ እያወሩላቸው ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ጦርነት ላይ ስለቀረ አጎታቸው። ባቡሩ አመለጠን። የሚቀጥለውም አመለጠን። ጋሼ፣ የዚያ ቀን ትኬት አሁንም ዕዳዎ ነው።

ምን ልላችሁ ነው? እኚያ ሴትዮ ክፉ አይደሉም። የነገራቸው የለም። መንገር ያለበት ማን ነበር?

አጽሙ በመጣበት ሳምንት የጣሊያን አይሁዶች ጮኹ። በ1938 የዘር ሕጉን የፈረመ ንጉሥ በመንግሥት አውሮፕላን እንዴት ይመጣል ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው። የጥንት አርበኞቻቸውም ተናገሩ። እኛስ? እሑድ ስብሰባ ነበረን። እጄን አወጣሁ። «ከአጀንዳ ውጭ ነው» ተባልኩ። አጀንዳው ምን ነበር? የአዳራሽ ኪራይና የጠፋ ድስት! በአንድ ድስት ሁለት ሰዓት ተከራከርን። አልዋሽም፣ እኔም ተከራክሬያለሁ። ድስቱ ትልቅ ነበር።

ግን እስቲ ንገሩኝ! በኛ የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ ሰው በየደጁ ሲታረድ ንጉሠ ነገሥት ተብዬው ማን ነበር? ደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱ ሲረሸኑ በማን ስም ነበር? የመርዝ ጋዙ ከሰማይ ሲወርድ የጣሊያን ዘውድ በማን ራስ ላይ ነበር? እኛ በዓመት አንድ ቀን ነጭ ለብሰን «ዓድዋ! ዓድዋ!» እንላለን። ሰውየው ግን እኛ ወደምንኖርበት ክልል መጥቶ ሲቀበር አንዲት ደብዳቤ አልጻፍንም። አንዲት! በአያቶቻችን ጀግንነት የምንጨፍር፣ በራሳችን ስንፍና የምናፍር ሆነናል።

ይኸው አውራጃ ሌላ ልጅም አለው። መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረው የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ በ1846 የተወለደው እዚያው ኩኔዮ አውራጃ፣ ቬርናንቴ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስያዙበት። ከ1 ሺህ 300 ገደማ ሰው ጋር፣ አብዛኛው አስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን ያደረ የአገሬው ወታደር ነው፣ በውሃ ጥም ተቃጠለ። በኛ በጥር 1888 ምሽጉን ለቀቀ። ምኒልክም ከነመሣሪያው ሸኙት፤ ራስ መኮንን አጅበውት ሄዱ፣ በቅሎም ተገኘለት። ጋሼ ያደጉት እንዳ ኢየሱስ ሥር ነው፤ ይህን ስነግራቸው «ውሃ ነስተን በቅሎ ሰጠን፣ እንዲህ ነን እኛ» ብለው ሳቁ። ጋሊያኖ ግን ተመልሶ ዓድዋ ላይ ተሰለፈ። እዚያው ቀረ።

አምባ አላጌ ላይ የወደቀው ሻለቃ ቶዜሊም ከዚያው አውራጃ፣ ከፔቬራኞ ነው። እንጆሪ የሚበቅልባት አገር ናት። ጊዜ ካለን እናያታለን፤ ካልሆነ ሌላ ጊዜ።

ሞንዶቪ ላይ በገመድ የሚሳብ ባቡር ወደ ላይኛው ከተማ ያወጣል። ልጆቹ ይወዱታል። ጉልላቱ ላይ መውጣት የምትፈልጉ የራስ ቁርና መታጠቂያ ይሰጣችኋል፤ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ታች ቆዩ። ብርድ ስላለ ጃኬት አትርሱ።

አሁን ግን ያን ደብዳቤ ጽፈነዋል። ለከተማው ከንቲባ ነው፤ አንድ ገጽ ነው። አጽሙ ይውጣ አይልም። ሙታንን ከመቃብር ማንሳት የኛ ልማድ አይደለም። ስለ ንጉሡ ለጎብኚ በተወራ ቁጥር የኢትዮጵያም ነገር አብሮ ይነሳ ነው የሚለው። በጣሊያንኛም በአማርኛም አለ። ቅዳሜ በእጃችን እናደርሳለን።

አሁን በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶም አለ። ጋሼ መጀመሪያ ይፈርማሉ፤ እባካችሁ መንገድ ልቀቁላቸው።